በዱቡሻው ላይ የያዝኩት ሳር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤዛ ከትምህርት ቤት አንዲት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። አሥራ አንደኛ ክፍሎች ለትምህርት ጉዞ ወደ ኮንሶ ሊሄዱ ነው፤ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

"ማን ነው የሚወስዳችሁ? የመምህሩ ስም የታለ? የምትመለሱበት ሰዓት ለምን አልተጻፈም?"

"እማዬ፣ ኮንሶ እኮ ነው!" አለች እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ደርሶ መልስ ነው። ርስትሽን ሽጪ አላሉሽም።"

እውነቷን ነው። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈራችን ውስጥ ተጠራጣሪነቴ የታወቀ ነው። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ መታወቂያ እጠይቃለሁ። የዕድር ቃለ ጉባኤ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም፤ ጸሐፊው እኔ ስመጣ ገና ከሩቅ ወንበር ያቀርብልኛል፣ እንደምቆይ ያውቃላ። ሰው "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እያለ ይተርትብኛል። እባቡ ምን እንደነበረ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቤዛም አልጠየቀችም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ እያጉረመረመች ወደ ጓዳ ገባች። እኔም እዚያው እንደተቀመጥኩ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነውን ማሰብ ጀመርኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ አርባ ምንጭ ውሃዋን ጠጥቶ የቀረ ሰው ነው። እናቴ የኦቾሎ ልጅ ናት፤ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ድንጋይ ጫፍ ላይ ከተቀመጠው መንደር። ከአባቴ አማርኛውን፣ ከእናቴ ጋሞኛውን ይዤ አደግኩ። በሁለቱም አፌ የሰላ ነበር፤ አባቴ "ይህቺ ልጅ ጠበቃ ትሆናለች" እያለ ይኮራብኝ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ በየመንገዱ ዳር የእርዳታ ድርጅት ቦርድ ይተከላል። ከነዚያ አንዱ በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ ቪላ ተከራይቶ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች እሠራለሁ ይል ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ቦርዱም ከወረደ ቆይቷል። ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጣ አቶ ፈለቀ የሚባል ሰው ነበር። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ እንኳን አንደበቴ እሺ አይለኝም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው ነው። ለሥራ ሲጠይቀኝ ታይፕ መምታት እችል እንደሆነ እንኳ አላጣራም። "እናትሽ ከየትኛው ጎሳ ናቸው? ኦቾሎ ውስጥ ዘመድ አላችሁ?" ነበር ያለኝ። ሰው አክባሪ መሰለኝ። የተቀጠርኩት ለእጄ ሳይሆን ለእናቴ ዘር መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሥራው በመጀመሪያ ጥሩ ነበር። ጠዋት ደብዳቤ እመታለሁ፤ ምሳ ሰዓት ከጫሞ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ በዳጣ እንበላለን፤ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ እየበሰለ በቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ሁላችንም እንደነግጣለን። የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ እልል አለች። አባቴ ጡረታ ወጥቶ፣ እግሩንም ያመው ስለነበር፣ ቤቱ የኔን እጅ ማየት ጀምሮ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ቢሆንም እውነቱ ይህ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ፈለቀ ጠርቶ ስለ ኦቾሎዋ ወርቅነሽ ነገረኝ። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሳንባ በሽታ ሞቷል። ሁለት ወንዶች ልጆችና ታደለች የምትባል የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ጥሎላት ሄዷል። ያን ዓመት ገብሱን ውርጭ መትቶት ደጋው ሁሉ ተቸግሮ ነበር። "ውጭ አገር ያሉ ደግ ሰዎች ትንሿን ሊያሳድጓት ይፈልጋሉ። አንቺ አስረጂያት፤ የነሱ ልጅ አይደለሽም እንዴ!" አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። በኦቾሎ ልጅ ሰው ዘንድ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። የሸማኔ አገር ነው፤ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ይዞት አዲስ አበባ ይወጣል፤ ማግ እየጠቀለለ፣ መወርወሪያ እየለመደ ያድጋል። እናቴ ራሷ በሰባት ዓመቷ ጨንቻ ላለ ባለጸጋ ቤት ተሰጥታ ነው ያደገችው። ነገር ግን የሄደ ሁሉ በመስቀል ይመለሳል። ለመስቀል ቅቤው ከወራት በፊት ይጠራቀማል፣ በሬው በማኅበር ይገዛል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ድርሻው ይቀመጥለታል። በመስቀል ያልተመለሰ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት ማንም አያውቅም። ስለዚህ "ውጭ አገር ታድጋለች" ብዬ ለወርቅነሽ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ከአዲስ አበባ ይርቃል?" አለችኝ። "በጣም" አልኳት። "እንግዲያው ለመስቀል ቀደም ብላ መነሳት አለባት" አለች። እኔም በዚህ አልሳቅኩም። ለእኔም እንደዚያው ነበር የታየኝ።

ጥርጣሬው የጀመረኝ በፎቶግራፉ ነው። ወርቅነሽን ላነጋግር ኦቾሎ በወጣንበት ቀን አቶ ፈለቀ በድርጅቱ ካሜራ ታደለችን ከቤታቸው ግድግዳ ጋር አቁሞ አነሳት። ወርቅነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ከጎኗ ልትቆም ስትጠጋ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። "ልጅቷ ብቻ" አለ። እኔ ሳቅ ብዬ "አብረው ቢነሱ ለማስታወሻ ጥሩ ነበር" ብለው "ፊልም እንቆጥባለን" አለኝ። ከዚያ ወርዶ መኪናው አጠገብ ሁለት ጊዜ ሐይቁን አነሳ። ይህን አየሁ። አየሁና ለራሴ "ምን አገባሽ" አልኩ።

ቀጥሎ ወረቀቱ መጣ። ራሴ ነኝ የመታሁት፤ በካርቦን ሦስት ቅጂ። መካከሉ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስደርስ ጣቶቼ ቆሙ። ወደ ክፍሉ ገባሁ።

"አቶ ፈለቀ፣ ይህቺ እንዴት ናት? 'ከዚህ ቀን ጀምሮ እናቲቱ በልጅቷ ላይ ምንም ዓይነት መብት አይኖራትም' የምትለው?"

"የሕግ አጻጻፍ ነው የኔ ልጅ። ፍርድ ቤት እንዲህ ካልተጻፈለት አይቀበልም።"

"ወርቅነሽ ግን ይህን አታውቅም።"

"ሁሉን ነገር ከነገርሻት ትፈራለች። ከፈራች ልጅቷ እዚያው በብርድና በረሃብ ትቀራለች። እሱን ነው የምትፈልጊው?" አለና እጁን ኪሱ ከትቶ ከረሜላ ሰጠኝ። "ይህን ፋይል በደንብ ከጨረስን ደግሞ አንቺንም አዲስ አበባ ለጽሕፈት ኮርስ እልክሻለሁ።"

ከረሜላውን ተቀበልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እንጂ አምስት አልነበረም፤ ግን ተቀበልኩ።

ቤት ገብቼ ለአባቴና ለእናቴ ነገርኳቸው። አባቴ ጋዜጣውን አጠፈና "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ፤ ይህን ተረት ቁርስ ላይም ይለው ነበር። "እናትየዋ ሳትሰማው የሚፈረም ወረቀት ሌብነት ነው። እጅሽን አታስገቢ።" እናቴ ተቆጣች። "አንተ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሃል! ልጅ ሰው ዘንድ ቢያድግ ምን ክፋት አለው? እኔስ አላደግኩም?" ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ቁርቁፋ ጋር መብላቴን ቀጠልኩ። የአባቴ ነገር እውነት፣ የእናቴ ነገር ግን የሚመች ነበር። የሚመቸውን ያዝኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

ወረቀቱን ልናስፈርም እንደገና ወደ ኦቾሎ የወጣነው መስከረም በጠባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። በአባያ ዳር ዳር የሚሄደውን መንገድ ይዘን፣ ሙዙንና በቆሎውን እያለፍን፣ ላንቴ ከተባለው መንደር ላይ ወደ ተራራው ታጠፍን። ሐይቁ እንደወትሮው ቀላ ብሎ ተኝቷል። ዝናቡ ጋራውን አረንጓዴ አድርጎት፣ አደይ አበባው በየድንጋዩ ሥር ወጥቶ ነበር። በመንገድ ላይ ልቤን አጠንክሬ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ።

"መስቀል እኮ ሊደርስ ነው። በዚህ ወር ከመንደሩ የሚወጣ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚገባበት ነው። ለምን ከበዓሉ በኋላ አናደርገውም? ሸማኔዎቹም ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ የልጅቷ አጎቶችም…"

"እሱማ ነው" አለ አቶ ፈለቀ ወደ መስኮቱ እየተመለከተ። ከዚያ ቶሎ ብሎ "ማለቴ፣ ሰው ሲበዛ ነገር ይበዛል" አለ።

መኪናው ጋራውን ሲወጣ ይህ "እሱማ ነው" ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በዚያ ሳምንት ኦቾሎ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አማርኛ አሳምሮ የሚናገር፣ ወረቀትም የሚያነብ ወንድ ሁሉ አዲስ አበባ ሽመናው ላይ ተቀምጧል፤ ለመምጣት ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እስከዚያ ድረስ በዚያ መንደር የወረቀቱ ዓይንና አፍ እኔ ብቻ ነኝ። ሰውዬው ቀኑን ቆጥሮ ነው የመረጠው።

መኪናው ከዳገቱ ሥር ቀረ፤ የቀረውን በእግር ወጣን። ጉም ወርዶ ነበር። እኔ የቆላ ልጅ፣ ስስ የከተማ ቀሚስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አቶ ፈለቀ ነገሩን በወርቅነሽ ቤት፣ በሩን ዘግቶ ሊጨርስ ነበር ያሰበው። አጎቴ ዛንጋ ግን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በመንደሩ ሽማግሌዎች መካከል ቃሉ የሚሰማ፣ ዓይኑ ጠባብ፣ ዝምታው ረጅም ሰው። እሱም ነገሩን ጠርጥሮታል። ለሰውዬው ክብር ብሎ በሚችላት አማርኛ ጀመረ። "እኛ አገር ልጅ በጓዳ አይሸኝም። በዱቡሻ ነው የሚሸኝ።"

ዱቡሻ ማለት የመንደሩ ሸንጎ ነው፤ ትልልቅ ድንጋዮች ለመቀመጫ የተደረደሩበት ሜዳ። እዚያ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው። ጎሜ ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ ኃጢአትን ለቄስ ተናዝዘህ ትገላገላለህ፣ ጎሜ ግን እዚሁ ቤትህ ይገባል። ላምህ ትነጥፋለች፣ እህልህ ይመክናል፣ ማሕፀን ይዘጋል። ስለዚህ ኦቾሎዎች አንድን ሰው ሲጠረጥሩ አይመረምሩትም፣ አይጮኹበትም። ዱቡሻ ላይ አቁመው እርጥብ ሳር ያስይዙትና ተናገር ይሉታል። የሚዋሽ ሰው ሳሩን አይነካም። ለዘመናት እንዲህ ነው የኖሩት፤ ሠርቶላቸዋልም።

ይህን ለአቶ ፈለቀ አስረዳሁት። ፊቱን እያጠናሁ ነበር የነገርኩት። ይፈራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ከፈራ እኔ ምንም ሳልናገር ነገሩ በራሱ ይፈርሳል።

"ሳር መያዝ ብቻ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሺ፣ እንሂዳ" አለና ፈገግ አለ።

ሽማግሌዎቹ በድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ፤ አሥር ይሆናሉ። ሴት ዱቡሻ መሃል አትገባም፤ እኔን ለአማርኛው ሲሉ አስገቡኝ። ወርቅነሽ ከኋላዬ፣ ከድንጋዮቹ ውጭ፣ ታደለችን በእጇ ይዛ ቆመች። ልጅቷ ማግ የምትጠቀልልበትን ትንሽ ሸምበቆ እንደያዘች ነበር፤ ከሥራዋ ላይ ነው ያነሷት። አጎቴ ከሜዳው ዳር እርጥብ ሳር ነጭቶ ለአቶ ፈለቀ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ግማሹን ዘረጋልኝ።

"አንቺም ያዢ የእህቴ ልጅ" አለኝ በጋሞኛ። "ቃል የሚያሻግር ሰው በባዶ እጁ አያሻግርም።"

ያዝኩ።

አቶ ፈለቀ ምሳ እንደሚያዝ ሰው በቀላሉ ተናገረ። "ልጅቷ ትማራለች፣ ትጠግባለች፣ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ እናቷ ትመጣለች።" ሳሩን ከፍ አድርጎ አሳየ እንኳ። አሥሩም ሽማግሌዎች የተመለከቱት ግን እሱን አልነበረም። የሱን አማርኛ በቅጡ አልሰሙትም። ወደ እኔ ነበር የሚያዩት።

ያቺን ጊዜ ብዙ ጊዜ ለክቻታለሁ። አጭር ነበረች፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ለመጥረግ የሚፈጅበትን ያህል። ወረቀቱን የመታሁት እኔ ነኝ። መብት አይኖራትም የሚለውን አውቃለሁ። ፎቶግራፉን አውቃለሁ፣ "እሱማ ነው"ን አውቃለሁ። "አጎቴ፣ ወረቀቱ እንዲህ አይልም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን የአባቴ እግር ትዝ አለኝ፣ የእናቴ እልልታ፣ የአዲስ አበባው ኮርስ። ደግሞም፣ ይህ ያሳፍረኛል፣ የተናገረው እሱ ነው፣ እኔ አስተላላፊ ብቻ ነኝ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳሩ ሲርገበገብ ለኔም ታየኝ። በዚያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ሙቀት ትከሻዬ ላይ አረፈ። ወርቅነሽ ከድንጋዩ ውጭ ሆና እጇን ዘርግታ የለበሰችውን ጋቢ ደረበችልኝ።

በጋቢው ውስጥ ሆኜ በጋሞኛ ተናገርኩ። "ትማራለች፣ ትጠግባለች፣ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ እናቷ ትመጣለች።"

ሽማግሌዎቹ በረጅሙ ተነፈሱ። መረቁ። አጎቴ ዛንጋ ዓይኑን ከኔ አንስቶ "እንግዲህ ሰምተናል" አለ። ወርቅነሽ አውራ ጣቷን የማኅተሙ ቀለም ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነች፤ ሦስቱም ቅጂ ላይ። ቀለሙን በሳር ጠረገችው። ታደለችን ቁልቁል ያወረድኳት እኔ ነኝ፤ በጀርባዬ አዝዬ። መኪና ገብታ ስለማታውቅ ላንቴ ሳንደርስ ቀሚሴ ላይ አስመለሳት። ስጠራርጋት "በመስቀል ቅቤዬን ወንድሞቼ እንዳይበሉብኝ ንገሪያቸው" አለችኝ። "እነግራቸዋለሁ" አልኳት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ስገባ ታደለች የለችም። በማለዳ ወደ አዲስ አበባ ወስደዋታል። የፋይል ሳጥኑ ተቆልፏል። ቀጥሎ መስቀል ሆነ፤ ሸማኔዎቹ መጡ። አጎቴ ዛንጋ የታደለችን ሁለት አጎቶች ይዞ እኛ ቢሮ ወረደ። እነሱ አማርኛውንም ወረቀቱንም ያውቃሉ፤ "ኮፒውን አሳየን" አሉ። ዘበኛው "ኃላፊው የሉም" አለ። ሁለቱ ጎልማሶች ተቆጥተው በሩን ሲደበድቡ ከመስኮቱ ጀርባ ቆሜ አጎቴን አየሁት። እሱ አልተቆጣም፤ የሚያረጋጋቸው እሱ ነበር። "ሰውዬው ሳር ይዟል፣ የእህቴ ልጅም ይዛለች። ታደለች መንገድ ረዝሞባት ነው" ይላቸው ነበር። ያ ሽማግሌ እስኪሞት ድረስ እንደዚያ እንዳለ ሞተ። ዱቡሻ ላይ ቆሞ የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ አልቻለም። ጥርጣሬው ሁሉ እዚያ ሜዳ ጫፍ ላይ ያልቅ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቅሁ። ኮርሱም ቀረ። ከዓመት በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ለወርቅነሽ ደረሳት፤ ልጅቷ ቀይ ካፖርት ለብሳ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ። ጀርባው ባዶ ነው፤ አድራሻ የለውም። ብዙ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለመሥሪያ ቤት፣ ለፍርድ ቤት፣ ለአዲስ አበባው ቢሮ። "ፋይሉ አልተገኘም" ከሚል አንድ መልስ በቀር ምንም አልመጣም። ከዚያ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ።

አገባሁ። ሁለት ጊዜ ፅንስ ወረደብኝ። ሐኪሙ የደም ነገር ነው አለኝ፤ እኔ ግን ጎሜውን አሰብኩ፤ አባቴ ቢሰማ በሳቀብኝ ነበር። አቶ ፈለቀ የዋሸው በአማርኛ፣ ለሱ ሜዳ ብቻ በሆነ ሜዳ ላይ ነው። በሽማግሌዎቹ ጆሮ፣ በዚያ አገር ቋንቋ፣ ሳር ይዛ የዋሸችው ሴት እኔ ነኝ። ቤዛ ዘግይታ ስትወለድ እንኳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እንዲያዝላት አልሰጠሁም።

ወርቅነሽ ግን አልቀረችብኝም። በየዓመቱ ለመስቀል ከጋራው ወርዳ ቤቴ ትመጣለች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታመጣልኛለች። "የታደለች ድርሻ ነው። እስክትመጣ አንቺ ብዪላት" ትለኛለች። ከዚያ "ወረቀት መጣ?" ትላለች። "አልመጣም" እላለሁ። ምሳ በልታ ትሄዳለች። ለሠላሳ ዓመት ገደማ ይህን ቅቤ በላሁ። ደግነት ነው ወይስ ቅጣት? አውቃ ነው የምታበላኝ ወይስ ሳታውቅ? ዓይኗን አጠናለሁ፣ ድምፅዋን አጠናለሁ፣ አንድም ቀን ላገኘው አልቻልኩም። ሰፈሩ የሚያውቀው ተጠራጣሪነቴ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

ትናንት መጣች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ትንሹ ልጇ ነው በሞተር ያወረዳት። ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከቤዛ ወረቀት አጠገብ አኖረች። "ወረቀት መጣ?" አለችኝ። ምናልባት የቤዛን ወረቀት ሳነብ ሰንብቼ ይሆናል፤ ምናልባት ነጭ ፀጉሯ ይሆናል። አልመጣም ማለት አቃተኝ።

"ወርቅነሽ፣ ያን ቀን ዱቡሻው ላይ የተናገርኩትን እኔ አላመንኩበትም ነበር" አልኳት። "ወረቀቱ እንደዚያ አይልም ነበር። አውቅ ነበር።"

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ትከሻዬን አየች፣ ፊቴን ሳይሆን።

"እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር" አለች። "ብርድ መስሎኝ።"

ከዚያ ተነሳች። ቅቤውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና የኮባውን ቅጠል እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። "ምሳ ብዪ እንጂ" ብላት ራሷን ነቀነቀች። በሩ ላይ ስትደርስ ቅቤውን ደረቷ ላይ ይዛ ዞረች።

"ድርሻዋ ነው" አለችኝ። "ቤቷ ይቀመጥ።"

ሞተሩ እስኪርቅ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቤዛ ከኋላዬ መጥታ ወርቅነሽ ቅቤውን ለምን ይዛ እንደሄደች ጠየቀችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ስለ ኮንሶው ጉዞ አንዳችም አላነሳችም። ወረቀቱ እስካሁን ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቅቤው በነበረበት በኩል ጠርዙን ትንሽ ወዝ ነክቶታል።